ከቁጥሩ የወጣው ሰው የት ሄደ?

ይድረስ፦ የትልልቅ ከተሞችን የሥራ አጥነት ቁጥር ለምትሰበስቡ፣ ለምታሰሉና መግለጫ ለምትሰጡ መሥሪያ ቤቶች በሙሉ

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

እኔ መረጃ ሰብሳቢ ነበርኩ። ለዓመታት መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። በር አንኳኳለሁ፣ መታወቂያዬን አሳያለሁ፣ «ጥቂት ደቂቃ ቢሰጡኝ» እላለሁ። ከዚያ ስለ ቤቱ ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ። ማን ሥራ አለው? ማን የለውም? ማን እየፈለገ ነው? እኔና ጓደኞቼ የሞላነው ቅጽ ወደ እናንተ ይመጣል። እናንተ ታሰሉታላችሁ። ከወራት በኋላ አንድ ቁጥር ሆኖ በዜና እሰማዋለሁ። «በከተማዋ የሥራ አጥነት ምጣኔ ቀነሰ» ይባላል። አዳራሹ ያጨበጭባል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያች «ቀነሰ» ስለምትለው ቃል ነው። ቁጥሩ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ምን ያህል ተለፍቶበት እንደሚመጣ በእግሬ አውቀዋለሁ። ግን ምጣኔው ሲወርድ ከሥራ አጦቹ ተርታ የወጡት ሰዎች ወዴት እንደሄዱ አይነገረንም። ሥራ አግኝተው ነው? መፈለጉ ሰልችቷቸው ነው? ከተማውን ለቀው ነው? በመግለጫው ላይ ሦስቱም አንድ ናቸው። ሁሉም «ቀነሰ» ውስጥ ይገባሉ።

አንድ ቤት ላስገባችሁ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን የከፈቱልኝ እናት ናቸው። «ግባ ልጄ» ብለው ወንበር ሰጡኝ። ስለ ራሳቸው ጠየቅኳቸው። ስለ ባለቤታቸው፣ ስለ ሴት ልጃቸው ነገሩኝ። ወንድ ልጃቸው ጋ ስንደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ልጁ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ዲግሪ አለው። ከኋላ ባለው ክፍል ውስጥ ነበር፤ በሩ ገርበብ ብሏል።

«ባለፈው ሳምንት፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን፣ ተከፍሎት የሠራው ሥራ አለ?»

«የለም።»

«ሥራ ቢገኝ መጀመር ይችላል?»

«እንዴታ! ዛሬውኑ ነዋ።»

«ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ ለማግኘት ያደረገው ነገር አለ? ማመልከቻ ማስገባት፣ ማስታወቂያ ማየት፣ ሰው መጠየቅ?»

እዚህ ላይ ዝም አሉ። ገርበብ ወዳለው በር አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ድሮ ነበር እንጂ፣ አሁንስ ተወው» አሉኝ።

«አልፈለገም» የሚለውን ኮድ አከበብኩ። መመሪያው የሚለው እንደዚያ ነው። በዚያች አንድ ክብ ልጁ ሥራ አጥ መሆኑ ቀረ። ሥራ አላገኘም፤ ግን ከሥራ አጦች ቁጥር ወጣ። ስነሳ ቁም ሣጥኑ ላይ ግልጽ የፕላስቲክ ፋይል አየሁ። የትምህርት ማስረጃ ኮፒ፣ ሲቪ፣ አራት ጉርድ ፎቶዎች ከውጭ ይታያሉ። ፋይሉ አቧራ ለብሷል። ዓመታት አልፈውም ያ ፋይል ከዓይኔ አልጠፋም።

መመሪያው ከየት እንደመጣ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ለሌላው አንባቢ ግን ልንገር። እ.ኤ.አ. በ1982 በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት አማካይነት የተሰበሰበው 13ኛው የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ ለሥራ አጥነት ሦስት መስፈርት አወጣ። ሰውየው ሥራ የሌለው፣ ለሥራ ዝግጁ የሆነ፣ ሥራም እየፈለገ ያለ መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ ሥራ አጥ አይባልም። በሌላ በኩል፣ በሳምንቱ ውስጥ አንድ ሰዓት ብቻ ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። ያው ጉባኤ የሥራ ገበያው ባልተደራጀበት አገር «እየፈለገ» የሚለው መስፈርት ላላ እንዲል ፈቅዷል። አገርን ከአገር ለማወዳደር አንድ መስመር መሰመሩ ግድ ነበር። ይገባኛል። ችግሩ የሚመጣው ከመስመሩ ወዲያ ያለውን ሰው ጨርሶ ስንረሳው ነው።

ሒሳቡ እንዴት እንደሚያታልል በትንሽ ምሳሌ ይታያል። አንድ ሰፈር እንውሰድ። 800 ሰው ይሠራል፣ 200 ሰው ሥራ ይፈልጋል። ድምሩ 1,000 ስለሆነ ምጣኔው 20 በመቶ ነው። ዓመት አለፈ። ከ200ዎቹ ግማሾቹ ታክቷቸው መፈለግ ተዉ። አንድም አዲስ ሥራ አልተከፈተም። የሚሠራው ያው 800 ነው። የሚፈልገው ግን 100 ብቻ ነው፤ ድምሩም 900 ሆነ። ምጣኔው ወደ 11 በመቶ ወረደ። በግማሽ ሊቀንስ ትንሽ ቀረው። አዲስ ደሞዝ የገባበት ቤት ግን አንድም የለም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለተኛ ሩብ ዓመት በኮቪድ ምክንያት ሰው ቤቱ እንዲቀመጥ ታዘዘ። ሥራ ያላቸው ሰዎች ቁጥር በ2.2 ሚሊዮን ቀነሰ። በዚያው ሩብ ዓመት መደበኛው የሥራ አጥነት ምጣኔ ከ30.1 በመቶ ወደ 23.3 በመቶ ወረደ! ሥራ ያጣውም፣ ቀድሞም ያልነበረውም ከቤት ወጥቶ መፈለግ አልቻለም። ያልፈለገ ደግሞ አይቆጠርም። ያንን ቁጥር ብቻውን ያየ ሰው፣ አገሪቱ በመቆለፏ ሥራ በዛ ብሎ ሊያስብ ይችል ነበር።

ግን ማንም እንደዚያ አላሰበም። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሁልጊዜ ሁለት ምጣኔ ጎን ለጎን ስለሚያወጣ ነው። ሁለተኛው ሰፋ ያለው ምጣኔ ነው፤ ሥራ እየፈለጉ ባይሆኑም መሥራት የሚችሉትን ይጨምራል። እሱ በዚያ ሩብ ዓመት ወደ 42 በመቶ ወጣ። አንዱ ሲወርድ ሌላው ወጣ። ሰው እንደገና መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ በሦስተኛው ሩብ ዓመት፣ መደበኛውም ወደ 30.8 በመቶ ተመለሰ። መሥሪያ ቤቱ እነዚህን ቁጥሮች እንደ ጆሃንስበርግና ኬፕ ታውን ላሉ ትልልቅ ከተሞችም ለየብቻ ያወጣል። ስለዚህ «በከተማ ደረጃ ይህ አይቻልም» የሚለውን መልስ ለመቀበል እቸገራለሁ።

ከዚያው ዓመት ሌላም የማልረሳው ነገር አለ። በአሜሪካ የሚያዝያ 2020 የሥራ አጥነት ምጣኔ 14.7 በመቶ ሆኖ ሲወጣ፣ ያወጣው ቢሮ ራሱ አንድ ማስታወሻ አከለበት። ድርጅታቸው ስለተዘጋ ቤት የተቀመጡ ብዙ ሠራተኞች «ሥራ አላቸው፣ ግን ከሥራ ገበታ ቀርተዋል» ተብለው ተመዝግበዋል፤ መመዝገብ የነበረባቸው ለጊዜው ከሥራ እንደተሰናበቱ ሥራ አጦች ነበር አለ። በትክክል ቢመዘገቡ ምጣኔው ወደ 5 የመቶኛ ነጥብ የሚጠጋ ከፍ ይል እንደነበር በግልጽ ጻፈ። እኔ የቅጽ ሰው ስለሆንኩ ይህ ልቤን ነካው። ስህተቱ የተሠራው በር ላይ፣ ኮድ በሚከበብበት ቦታ ነው። እናም መሥሪያ ቤቱ አልደበቀውም። እምነት የሚገኘው እንደዚህ ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው መውጫ ልምጣ፤ ከተማውን ለቅቆ መሄድ።

ኦሊቪየር ብላንቻርድና ሎረንስ ካትዝ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካን ክፍለ ግዛቶች አጥንተው አንድ ነገር አሳዩ። አንድ ክፍለ ግዛት ክፉኛ ሲመታ፣ ለምሳሌ ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ፣ የሥራ አጥነት ምጣኔው መጀመሪያ ይወጣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በአምስትና በሰባት ዓመት መካከል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። የጠፋው ሥራ ግን ተመልሶ አልመጣም። ምጣኔውን ያወረደው በአብዛኛው የሰዎቹ መሄድ ነው።

የብረት ከተማ የምትባለው ፒትስበርግ ይህን በደንብ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የብረት ፋብሪካዎቿ ተራ በተራ ተዘጉ። በ1980 ቆጠራ 424 ሺህ ገደማ ነዋሪ ነበራት። በ1990 ወደ 370 ሺህ ገደማ ወረደች። አሥር ዓመት ውስጥ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ማለት ነው። ሻንጣውን ይዞ የሄደ ሥራ አጥ በፒትስበርግ ቁጥር ውስጥ አይገኝም። የሄደበት ከተማ ሥራ ካገኘ እሰየው። እዚያም ካጣ የሌላ ከተማ ሥራ አጥ ሆነ። የፊተኛዋ ከተማ ቁጥር ግን በሁለቱም መንገድ ያምራል።

ለመውጣት ደግሞ የግድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቤት ኪራይ ገፍቶት ከአስተዳደር ወሰኑ አንድ ፌርማታ አልፎ የተከራየ ሰውም ይወጣል። ሥራ የሚፈልገው እዚሁ ከተማ ነው። ጠዋት የሚሳፈረው ወደዚሁ ከተማ ነው። ዘመዱ፣ ጓደኛው፣ የሚያውቀው ቀጣሪ ሁሉ እዚሁ ነው። ግን የሥራ አጥነት ምጣኔ የሚቆጠረው ሰው በሚያድርበት ቦታ እንጂ በሚሠራበት ወይም ሥራ በሚፈልግበት ቦታ አይደለም። የተቀጣሪ ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ ከድርጅቶች ስለሚሰበሰብ ሥራው ያለበትን ቦታ ይከተላል። ሁለቱን አንድ መግለጫ ውስጥ ሲቀላቅሏቸው ሰው ግራ ይገባዋል። «ይህን ያህል ሥራ ተከፈተ፣ ታዲያ የሰፈራችን ልጆች ለምን ቁጭ አሉ?» ይላል። ጥያቄው ልክ ነው። ሥራውን የያዘው ከወሰን ማዶ የሚመጣ ሰው ሊሆን ይችላላ።

ለዚህ መፍትሔ ካበጁ ቆይቷል። አሜሪካ የከተማ አካባቢ የምትለው ቢያንስ 50 ሺህ ነዋሪ ያለውን ማዕከል ይዞ፣ ከሠራተኛው ቢያንስ ሩብ የሚሆነው ወደዚያ የሚመላለስባቸውን ጎረቤት አውራጃዎች ይጨምራል። የአውሮፓ ኅብረትና የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ደግሞ መስፈርቱን 15 በመቶ አድርገውታል። ቁጥሮቹ ይለያያሉ፤ ሐሳቡ አንድ ነው። የሥራ ገበያ የሚለካው ሰው በየዕለቱ በሚመላለስበት መንገድ ነው። የከንቲባው ሥልጣን የት ላይ ያበቃል የሚለው ለሥራ ፈላጊው ትርጉም የለውም።

በዚያው ከተማ ውስጥም ቢሆን አማካይ ቁጥር ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከዳርቻ ሰፈር አንዲት ወጣት ጋ ሄጄ ነበር። በቅርቡ ሥራ አግኝታ ተወችው። ለምን? ብዬ ስጠይቃት የመጠይቁን የጀርባ ገጽ ስጠኝ አለችኝ። እስክሪብቶዬን ተቀብላ ጻፈች። ሁለት ትራንስፖርት መሄጃ፣ ሁለት መመለሻ። በቀን አራት። በወር ስንት። ከሥሩ ደሞዟን ጻፈች። ቀነሰችው። የቀረውን ሁለት ጊዜ አሰመረችበትና ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረገች። «በጨለማ ወጥቼ በጨለማ ልገባ፣ ለዚህ?» አለች። ኢኮኖሚስቱ ጆን ኬን እ.ኤ.አ. በ1968 የቺካጎንና የዲትሮይትን መረጃ ይዞ የጻፈው ስለዚሁ ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን በመኖሪያ ቤት አድልዎ መሃል ከተማ ታጥረው፣ ሥራው ግን ወደ ዳርቻ እየሸሸ መሆኑን አሳየ። በብዙ ሌሎች ከተሞች አቅጣጫው ተቃራኒ ነው፤ ድሃው ዳር፣ ሥራው መሃል። ርቀቱ ግን ያው ሥራ ይበላል።

የሰፈር ቁጥር ይውጣ ስል ምን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። «ናሙናው ትንሽ ነው።» እውነት ነው። በአሜሪካ ወርሃዊው ጥናት በመላ አገሪቱ ወደ 60 ሺህ ቤተሰቦችን ይጠይቃል። ከ380 በላይ ለሚሆኑ የከተማ አካባቢዎች ያ ስለማይበቃ፣ የየከተማው ምጣኔ ከሌላ መረጃ ጋር ተዋህዶ በስሌት ይገመታል። እኔ የማይቻል አልጠይቅም። የስህተት ወሰኑን አብራችሁ ጻፉት ነው የምለው። ምጣኔው በ0.3 ነጥብ ቀነሰ ተብሎ ሲታወጅ፣ የናሙናው ስህተት ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ የቀነሰ ነገር ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደላችሁም። በየወሩ ማውጣት ካልተቻለ የዓመቱን አጠራቅሞ በክፍለ ከተማ ማውጣት ይቻላል። ደግሞ ወቅቱን አትርሱ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ይወጣል፤ የግንባታና የንግድ ሥራም ከወቅት ጋር ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል። የወቅቱ ተጽዕኖ ከቁጥሩ ካልወጣ ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር አወዳድሩልን።

ስለዚያች አንድ ሰዓትም ሳልናገር አላልፍም።

አንዲት ሴት ነበሩ፤ ጎረቤት ሲጠራቸው ልብስ ይተኩሳሉ። በጠየቅኳቸው ሳምንት የተጠሩት አንድ ቀን ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩሰው ተመለሱ። እኔ «ሥራ አላት» ብዬ መዘገብኩ። ቀጥሎ፣ «ተጨማሪ ሰዓት መሥራት ይፈልጋሉ?» የሚለውን ስጠይቃቸው ሳቁ። ሳቃቸው እንባ ነበረበት። «ልጄ፣ እኔ እኮ ሥራ ፈት ነኝ» አሉኝ። ቅጹ ግን አይደሉም አለ።

የሥራ አጥ ድጎማ በሌለበት ቦታ ድሃ ሰው ሥራ አጥ የመሆን አቅም የለውም። ያገኘውን ይሠራል። ካምቦዲያ በዓለም አቀፉ መለኪያ የሥራ አጥነት ምጣኔዋ ከ1 በመቶ በታች ነው። ይህ ማለት ሁሉም የሚያኖር ሥራ አለው ማለት አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 2 ቢሊዮን ያህል ሰዎች፣ ማለትም ከሚሠራው 61 በመቶው፣ በኢመደበኛ ሥራ ላይ ናቸው። አብዛኞቹ የውል ስምምነት የላቸውም፤ ጡረታ የላቸውም፤ ሲታመሙ የሚከፈላቸው የለም። እነሱም በሥራ አጥነት ምጣኔ ውስጥ አይታዩም።

ባለሙያዎቹ ይህን አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተካሄደው 19ኛው የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ በአንዱ ምጣኔ ፋንታ አራት ደረጃ አበጀ። የመጀመሪያው የምናውቀው የሥራ አጥነት ምጣኔ ነው። ሁለተኛው ሰዓት የሚያንሳቸውን ይጨምራል፤ ልብስ ተኳሿ እዚህ ይገባሉ። ሦስተኛው በሥራ አጦቹ ላይ ሥራ ቢገኝ የሚሠሩ ሆነው የማያፈላልጉትን፣ ወይም እያፈላለጉ ለጊዜው ዝግጁ ያልሆኑትን ይጨምራል፤ ፋይሉ አቧራ የለበሰበት ልጅ እዚህ ይገባል። አራተኛው ሁሉንም ይሰበስባል። ጥያቄዎቹ በቅጾቻችን ላይ አሉ። እኛ ጠይቀናል፤ ሰው መልሷል። መልሱ የት እንደሚቀር ነው ያልገባኝ።

አንድ ነገር ደግሞ በቅንነት ልበላችሁ። ቁጥሩ ሲወጣ አትደንግጡ። ሁልጊዜ ክፉ ምልክት አይደለም። ጆን ሃሪስና ማይክል ቶዳሮ እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳስረዱት፣ ከተማ ውስጥ ጥሩ ሥራ ሲከፈት ወሬው ይሰማል፤ ከገጠር ብዙ ሰው ተስፋ አድርጎ ይመጣል። የመጣው ሰው ከተከፈተው ሥራ ከበለጠ ሥራም ሥራ አጥነትም አብረው ይጨምራሉ። በሌላ በኩል፣ መፈለግ ትቶ የነበረ ልጅ አንድ ጓደኛው ሲቀጠር አይቶ ፋይሉን አራግፎ ቢወጣ፣ ያን ቀን ምጣኔው ከፍ ይላል። ለእናቱ ግን ያ ቀን የደስታ ቀን ነው። ይህን ካላስረዳችሁ አለቆቻችሁ ምጣኔው በወረደ ቁጥር ይደሰታሉ፣ በወጣ ቁጥር ይቆጣሉ። ከዚያ የሚሸማቀቀው ታች ያለው ባለሙያ ነው።

«ለይህን ያህል ሰው የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ስለሚለው ሪፖርትም ጥቂት ልበል። አንድ ወቅት መዝገብ እንዳመሳክር ተመድቤ ነበር። ከስም ዝርዝሩ ላይ እየደወልኩ «አሁን እየሠሩ ነው?» እጠይቃለሁ። አንዱ፣ «አዎ፣ ሁለት ወር ሠርቻለሁ፤ ፕሮጀክቱ አልቆ ወጣሁ» አለኝ። ያው ሰው ሁለት ገጽ አልፎ በሌላ ፕሮጀክት ሥር እንደገና ተመዝግቧል። አንድ ሰው ሁለት የሥራ ዕድል ሆኗል፤ በደወልኩለት ሰዓት ግን ቤቱ ነበር። ለአለቃዬ ስነግረው፣ «እኛ የምንቆጥረው የተፈጠረውን ነው» አለኝ። የተዘጋውንስ ማን ይቁጠረው? የተፈጠረ ሥራ ከጠፋው ሥራ ካልተቀነሰ፣ ከስድስት ወር በኋላም ቆሞ እንደሆነ ካልታየ፣ የከተማው ሰው ከሪፖርቱ ጋር ይቀያየማል። የሚሰማውና በሰፈሩ የሚያየው አይገናኙምና።

ስለዚህ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። የሥራ አጥነት ምጣኔውን ብቻውን አታውጡት። ከጎኑ ለሥራ ከደረሰው ነዋሪ ስንት በመቶው እንደሚሠራ አስቀምጡ። ያ ቁጥር ሰው መፈለግ ሲተው አያምርም፤ ሰው በእርግጥ ሲቀጠር ግን ይወጣል። ሰዓት የሚያንሳቸውንና መፈለግ የተዉትን ጨምሩ። ወሰኑን በሥራ መመላለሻው ልክ አስፉት፤ ካልተቻለ ቢያንስ ከጎረቤት አስተዳደሮች ጋር አንድ መግለጫ አውጡ። ሴቶችንና ወጣቶችን ለብቻ አሳዩ፤ ብዙ ጊዜ ከቁጥሩ ቀድመው የሚወጡት እነሱ ናቸውና። የልጅ መዋያ አጥታ ፍለጋ ያቆመች እናት «የቤት እመቤት» ተብላ ስትመዘገብ በእጄ ጽፌያለሁ። እሷን መልሼ የምጠይቅበት መስመር ቅጹ ላይ አልነበረም።

በሩን ለከፈቱልኝ ሰዎች ሁሉ አንድ ቃል እገባ ነበር። መጠይቁ መጀመሪያ ላይ የተጻፈ ነው፤ በቃሌ ይዤው ነበር። «የሚሰጡን መረጃ ሥራን ለማቀድ ያገለግላል» ይላል። እናቲቱ ይህን ሰምተው ነው ወንበር የሰጡኝ፤ ስለ ልጃቸውም የነገሩኝ። እርሳቸው የመለሱት መልስ ቁጥር 31 ላይ አለ፤ «ሥራ ያልፈለጉበት ዋና ምክንያት» ይላል። ከምርጫዎቹ ሦስተኛው «ሥራ አይገኝም ብሎ ስለሚያምን» ነው። ያንን ነው ያከበብኩት። በሚቀጥለው መግለጫችሁ ያቺን ዓምድ በከተማ ደረጃ፣ በዕድሜና በጾታ ከፍላችሁ አውጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ መረጃ ሰብሳቢ